ከመስቀል ወፍ እስከ ወፍ ቆጠራ፦ በጎጃም ደጋ ወፍን የማየትና የመመዝገብ ታሪክ

በጎጃም ደጋ የወፍ መምጣትና መሄድ የሚቆጠረው በበዓላት ነው። ክረምቱ ተገባዶ ሰማዩ ሲገለጥ፣ አደይ አበባም መስኩን ሲያለብሰው፣ በጋውን ሙሉ ማንም ልብ ያላላት ትንሽ ወፍ ቢጫና ጥቁር፣ በሌላው አካባቢ ደግሞ ቀይና ጥቁር ለብሳ ከሣሩ ጫፍ ላይ ትታያለች። የመስቀል ወፍ ትባላለች። እረኛው መጀመሪያ ባያት ቀን ማታ ቤት ሲገባ የሚናገራት ወሬ ነች። በዓመት አንዴ ብቻ ብቅ የሚል ዘመድም «እንደ መስቀል ወፍ» እየተባለ ይወቀሳል። ወፍን አይቶ ቀኑን መያዝና ለሌላው መንገር በዚህ አገር መነጽርና ማስታወሻ ደብተር ከመምጣታቸው በፊት የነበረ ልማድ ነው።

ስሙ በየአካባቢው ለተለያዩ ወፎች ይሰጣል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚጠሩበት ከሣር መካከል ጎጆ የሚሠሩ ትናንሽ ጥሬ በል ወፎች ወንዶች ናቸው። እነዚህ ወንዶች በበጋ እንደ ሴቶቹ ዳለቻ መስለው፣ ከድንቢጥ ሳይለዩ፣ በመንጋ ይኖራሉ። ዝናቡ ሣሩን ሲያሳድግላቸው ላባቸውን ቀይረው ይደምቃሉ፤ ሴት ይጠራሉ፤ ጎጆ ይሠራሉ። ሣሩ ሲደርቅና ጫጩቶቹ ሲበሩ ጌጡን አራግፈው ወደ ዳለቻው ይመለሳሉ። እንግዳ ተብላ አቀባበል የሚደረግላት የመስቀል ወፍ እንግዲህ ከየትም አልመጣችም፤ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ግቢ አጥር ላይ ነበረች። የአገሬው ሰው የያዘው ቀን ግን ትክክል ነው። የዝናቡን ማብቂያና የላባውን ለውጥ አንድ ላይ አስሮ፣ በአንድ በዓል ስም ጠርቶ ለልጅ ልጅ አስተላልፎታል።

እውነተኞቹ መንገደኞችም የሚደርሱት በዚያው ሰሞን ነው። በመስከረምና በጥቅምት ከኤውሮፓና ከእስያ የተነሡ ወፎች የሰሐራን በረሃ ወይም ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ ኢትዮጵያ ደጋ ይገባሉ። በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባሉ የግጦሽ ሜዳዎች ከከብቱ እግር ሥር ትል እየለቀመች ጭራዋን የምትወዘውዘው ሆደ ቢጫ ወፍ ከእነዚህ አንዷ ነች። ጭራዋ እንደ መቀስ የተሰነጠቀችው፣ ከሜዳው ላይ ዝቅ ብላ እየበረረች ዝንብ የምትቀልበው ወፍም እንዲሁ። ከሰማይ ከፍ ብሎ ከሩስያና ከካዛኪስታን ሜዳዎች የሚመጣው ንስር ይዞራል። ከመጋቢት ጀምሮ ሁሉም ይመለሳሉ። የመስቀል ወፍን በዓልና ምሳሌያዊ አነጋገር ሲያስታውሷት እነዚህ ሺህ ኪሎ ሜትሮችን ያቆራረጡ እንግዶች አብዛኛውን ጊዜ ያለ ስም ያልፋሉ። ይህ አያስገርምም፤ ገበሬ ስም የሚያወጣው ለሚጠቅመውና ለሚጎዳው፣ ወይም ወቅት ለሚነግረው ነው።

የሚጎዳው ደግሞ በደንብ ይታወቃል። ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚወርደው ቆላ ማሽላ ሲያሽት በየማሳው ማማ ይቆማል። ልጆች ወፍ ሳይንጫጫ ማማው ላይ ወጥተው እስከ ምሽት በወንጭፍና በጩኸት ይጠብቃሉ። ዋናው ጠላት የግሪሳ ወፍ ነው፤ መንጋው እንደ ደመና ወርዶ የአንድ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ በጥቂት ቀን ሊጨርስ ይችላል። ማማ ላይ የዋለ ልጅ ግሪሳን ከሌላው ጥሬ በል በበረራው ይለያል፤ ከየት አቅጣጫ እንደሚመጣ፣ በስንት ሰዓት እንደሚበረታ፣ የት እንደሚያድር ያውቃል። ወፍ የማየት ትምህርት ቤት በጎጃም ቢኖር ማማው ነበር። ቆቅ፣ ጅግራና ድርጭት የሚያጠምደው አዳኝም በድምፅ ብቻ ቦታቸውን የሚያመለክት ባለሙያ ነው።

ከሥራ ውጭም ወፍ ትርጉም ነበራት። መንገደኛ ወፍ በቀኙ ወይም በግራው ስትጮህ ገድ ነው ብሎ ጉዞውን ያቃናል ወይም ይሰርዛል። እርኩም፣ ያ በመንቁሩ ላይ ቀንድ የመሰለ ነገር የተሸከመው ትልቅ ጥቁር ወፍ፣ ድምፁ ብቻ ሰውን ያስጨንቅ ነበር። በቤተ ክርስቲያን በኩል ደግሞ ከግሪክ ወደ ግዕዝ በጥንት ዘመን የተመለሰው ፊሳልጎስ የተባለው መጽሐፍ የንስርን መታደስና የሌሎች ወፎችን ጠባይ እያነሣ ያስተምራል። ነቢዩ ኤርምያስም ሽመላ የምትመጣበትን ጊዜ እንደምታውቅ ተናግሯል። ከዋሸራ፣ ከጎንጅና ከዲማ የቅኔ ጉባኤ የዋለ ተማሪ ስለዚህ ወፍን በሁለት መጽሐፍ ያነብባት ነበር፤ በብራናውና በደጀ ሰላሙ ዛፍ ላይ። የአብያተ ክርስቲያናቱ ጥንታውያን ደኖች ጥድና ወይራቸውን ጠብቀው ስለቆዩ ዛሬም ሶሪትን የመሰሉ የደን ወፎች በጎጃም መሸሸጊያ ያገኙት በአብዛኛው እዚያ ነው።

ይህ ሁሉ እውቀት በቃል የሚኖር ነበር። ወደ ወረቀት የገባው በእንግዶች እጅ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ጀሮኒሞ ሎቦ ከ1625 እስከ 1634 በኢትዮጵያ ሲኖር ዳሞትንና የዓባይን ምንጭ አካባቢ ያውቅ ነበር። በጻፈው የጉዞ ታሪክ ውስጥ ስለ ወፎች ጥቂት ገጾች አሉ። እርኩምን አባጉን በሚል ስም ያነሣዋል፤ ባለ ግርማ አለቃ የሚመስል፣ በግንባሩ ላይ ቀንድ ያለው ወፍ ብሎ ይገልጸዋል። ሞሮክ የሚባል ወፍም አለ ይላል፤ ማር ያለበትን ቦታ የማግኘት ልዩ ተፈጥሮ አለው፣ ሰውንም ወደዚያ ይመራል። ሎቦ እነዚህን ስሞች ከራሱ አላወጣቸውም፤ የነገረው የአገር ሰው ነው። የነገሩት ሰዎች ስም ግን አልተጻፈም።

ከመቶ አርባ ዓመት ገደማ በኋላ፣ ኅዳር 4 ቀን 1770፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ግሽ ዓባይ ደረሰ። በ1790 ያሳተመው ባለ አምስት ቅጽ የጉዞ መጽሐፍ የመጨረሻው ቅጽ ለእንስሳትና ለዕፅዋት የተሰጠ ነው፤ ብዙዎቹ የወፎቹ ርዕሶችም የአገር ስሞች ናቸው፦ ንስር ወርቅ፣ ንስር ጥቁር፣ እርኩም፣ አቡ ሐንስ፣ ዋልያ፣ ሞሮክ። አቡ ሐንስ የተባለው ነጭ አካልና ጥቁር ራስ ያለው፣ መንቁሩ እንደ ማጭድ የታጠፈ የውኃ ዳር ወፍ ነው። በቅዱስ ዮሐንስ ሰሞን፣ ከዝናቡ ጋር ስለሚታይ ስሙን ከቅዱሱ አገኘ ይላል ብሩስ። የመስቀል ወፍ ታሪክ በሌላ ወፍ ተደገመ ማለት ነው፤ የአገሬው ሰው ወፉን በቀኑ ጠራው። ብሩስ ከዚያ አልፎ ይህ ወፍ የጥንት ግብፃውያን ይቀድሱት የነበረው መሆኑን አስረዳ፤ በዚህም ልክ ነበር።

ዋልያ የሚለው ስም ዛሬ ለአንባቢ ግር ሊለው ይችላል። በብሩስ መጽሐፍ ዋልያ የስሜን ተራራ ፍየል ሳይሆን ሆዱ ቢጫ፣ ጀርባው አረንጓዴ የሆነ የቆላ እርግብ ነው። የሳይንስ ሰዎች ስሙን እንዳለ ስለወሰዱት እርግቡ እስከ ዛሬ በዓለም መዝገብ ላይ ዋልያ እየተባለ ይኖራል፤ በእንግሊዝኛ ደግሞ የብሩስ አረንጓዴ እርግብ ይባላል። ንስር ወርቅም የራሱ ታሪክ አለው። ብሩስና ሎሌዎቹ ከምጽዋ ወደ ጎንደር ሲወጡ ሊማሊሞ ላይ የፍየል ሥጋ ቀቅለው ሊበሉ ሲሉ ወፉ ከሰማይ ወርዶ ከመካከላቸው ሥጋ ነጠቀ፤ ብሩስም ተኩሶ ገደለው። ዛሬ ያ ወፍ አጥንት ከከፍታ እየጣለ ሰብሮ የሚበላው ጢማም አሞራ መሆኑ ይታወቃል።

ሞሮክን በተመለከተ ግን ብሩስ ተሳስቷል፤ የተሳሳተውም የሰሚ ወሬ ስለናቀ ነው። ሎቦን አይወደውም ነበር። በአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ ተመሳሳይ ነገር አየሁ ያለውን ስዊድናዊውን አንደርስ ስፓርማንንም ተቸው። ቀፎ በሞላበት አገር ማር የምትመራ ወፍ ለምን ትፈጠራለች ብሎ ተከራከረ። ማር የሚመራው ወፍ ግን እውነት ነው። ሰውን እየጠራ ከዛፍ ዛፍ እየዘለለ ወደ ዱር ንብ ያደርሳል፤ ሰው ማሩን ሲቆርጥ ሰሙንና እጩን ይበላል። ይህ በአፍሪካ በብዙ አገር በጥናት ተረጋግጧል። የጎጃም ንብ አርቢ የሚያውቀውን ሎቦ ሰምቶ ጻፈ፤ ብሩስ ሰምቶ ጣለው።

የብሩስን መጽሐፍ ያስጌጡት ሥዕሎች በአብዛኛው የጣሊያናዊው የሉዊጂ ባሉጋኒ ሥራ ናቸው። ባሉጋኒ ግሽ ዓባይ ድረስ አብሮት ሄደ፤ በ1771 ጎንደር ላይ ሞተ። ብሩስ ግን ወደ ግሽ ዓባይ ከመሄዳቸው በፊት እንደ ሞተ አድርጎ ጻፈ፤ የሥዕሎቹንም ክብር ለራሱ አደረገ። ዋናዎቹ ሥዕሎች ዛሬ አሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። በወፍ ታሪክ ውስጥ ያየው ሰው፣ የሣለው ሰውና የጻፈው ሰው የተለያዩ ሲሆኑ ስም የሚቀረው ለመጨረሻው ነው።

በ19ኛው መቶ ዘመን መንገደኞቹ የወፍ ቆዳ ሰብሳቢዎች ሆኑ። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ ጎንደርና ስሜን ደርሶ ያጋዘው ስብስብ ከሁሉም ይበልጣል። መንቁረ ወፍራሙን ቁራ፣ አንገቱ ላይ ነጭ ቀለበት ያለውን የገደል እርግብ፣ ክንፈ ሰማያዊውን ዝይ፣ ደረተ ነጠብጣቡን የረግረግ ወፍ ለዓለም ሳይንስ ያስተዋወቀው እሱ ነው። እነዚህ ሁሉ ከደብረ ማርቆስ ወደ ቾቄ ለሚወጣ ሰው የዕለት ጓደኞች ናቸው። ሩፔል ግን ጎጃምን አልሰበሰበም። ቀጥሎ የመጣው የፈረንሳዮች ጓድ ዕድል ቀናው ለማለት ያስቸግራል፤ ከአባላቱ አንዱ፣ ሐኪምና ተፈጥሮ ተመራማሪ የነበረው አንትዋን ፐቲ፣ በ1843 ዓባይን ሲሻገር በአዞ ተበላ።

ዓባይ የሰብሳቢዎች እንቅፋት ሆኖ ብዙ ዘመን ቆየ። ከደጀን አፋፍ እስከ ወንዙ የሚወርደው ገደል ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ጥልቀት አለው፤ ክረምት ሲሆን ወንዙን አይሻገሩትም ነበር፤ በጋ ሲሆን ሙቀቱና ወባው ይከብድ ነበር። በዚህ ምክንያት በሸለቆው ውስጥ የሚኖር አንድ ቆቅ እስከ 1899 ድረስ ስም አልወጣለትም። በዚያ ዓመት እንግሊዛውያኑ ዌልድ ብለንደልና ሎርድ ሎቫት በሸዋ በኩል በጀማ ሸለቆ ያገኙትን ቆቅ ቆዳ አዘጋጅ በነበረው በሃርዉድ ስም ጠሩት። ወፉ ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም አይገኝም፤ መኖሪያውም ዓባይና ገባሮቹ የቆፈሯቸው ሸለቆዎች ናቸው። ሰብሳቢዎቹ ለብዙ ዓመታት ጥቂት ቆዳ ብቻ ነበራቸው፤ የሸለቆው ገበሬ ግን ጠዋት ጠዋት ከማሳው ዳር ሲጮህ ይሰማው፣ ሲቀናውም ወጥ ያደርገው ነበር።

ጎጃም በወፍ መዝገብ በቅጡ የገባው በ1920ዎቹ፣ በሁለት ጉዞዎች ነው። የመጀመሪያው የአንድ ሰው ሥራ ነው። ሮበርት ኤርነስት ቺስማን የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ በ1925 ዳንግላ ተቀመጠ፤ እስከ 1934 ቆየ። ወደ ኢትዮጵያ ከመምጣቱ በፊት በዓረብ አገር የተጓዘና ወፍ የሰበሰበ ሰው ነበር። የቆንስልነቱ ሥራ ጊዜ ሲሰጠው በበቅሎ የዓባይን አፋፍ ተከትሎ ካርታ አነሣ፤ የጣናን ደሴቶችና ገዳማት አንድ በአንድ ጎበኘ፤ የዘጠኙን ዓመት ውጤትም በ1936 ጣናና ዓባይ በሚል መጽሐፍ አወጣ። ወፉንም አልተወም። ከሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የሰበሰበውን ከወፍ አጥኚው ከስክላተር ጋር ሆኖ በ1935 እና በ1936 በእንግሊዝ ወፍ አጥኚዎች መጽሔት በተከታታይ አሳተመ። የመጽሔቱ ስም አይቢስ ነው፤ ብሩስ አቡ ሐንስ ብሎ የመዘገበው ወፍ የሚገኝበት ወገን ስም።

የቺስማን ጥቅም በቆየበት ዘመን ርዝመት ነው። ከእሱ በፊት የመጡት ወፍ ሰብሳቢዎች አላፊዎች ነበሩ፤ ያዩት በአንድ ወር፣ በአንድ መንገድ ላይ የተገኘውን ነው። አላፊ ሰው ወፍ አለች ሊል ይችላል፤ መቼ ትመጣለች፣ መቼ ትሄዳለች የሚለውን ግን አይመልስም። ዘጠኝ ክረምትና ዘጠኝ በጋ በአንድ ቦታ የተቀመጠ ሰው ከአገሬው የበዓል አቆጣጠር ጋር የሚወዳደር ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ መጻፍ ቻለ።

ሁለተኛው ጉዞ አጭር ነበር፤ የተወው ነገር ግን ዓይን ይይዛል። በ1926 እና 1927 የቺካጎ የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር በዊልፍሬድ ኦስጉድ መሪነት ጓድ ላከ። ከአባላቱ አንዱ ሉዊስ አጋሲዝ ፉዌርቴስ፣ በዘመኑ በአሜሪካ አቻ ያልነበረው የወፍ ሠዓሊ ነው። ጓዱ በደቡብ ከሠራ በኋላ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ገባ፤ ያኔ ጎጃምን ከደብረ ማርቆስ የሚገዙት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። በመላው ጎጃም አድርጎ ወደ ጣናና ወደ ጎንደር፣ ከዚያም ወደ ሱዳን ወጣ። ፉዌርቴስ ወፉ በተያዘበት ቀን፣ የዓይኑና የእግሩ ቀለም ሳይደበዝዝ፣ ይሥል ነበር፤ ቆዳው ከሞላ በኋላ የሚጠፋውን ሕይወት ለመያዝ ሌላ መንገድ የለም። አገሩ እንደ ተመለሰ፣ ነሐሴ 22 ቀን 1927፣ መኪናው የባቡር ሐዲድ ሲያቋርጥ ተገጭቶ ሞተ። አብረውት የነበሩት የኢትዮጵያ ሥዕሎች ተረፉ፤ ቤተ መዘክሩም ከመካከላቸው 32 መርጦ በ1930 በአልበም አወጣቸው። የኢትዮጵያ ደጋ ወፎች ከዚያ በፊት እንዲህ ተሥለው አያውቁም።

የዚያው ጓድ ወጥመድ ጎጃም ውስጥ፣ ከግልገል ዓባይ ምንጭ አጠገብ፣ አንዲት የውኃ አይጥ ያዘ። ወፍ ባትሆንም መጠቀስ ይገባታል፤ ዝርያዋ እስከ ዛሬ የሚታወቀው በዚያች አንዲት ናሙና ነውና። በጎጃም ምንጮች ዳር የሚኖር ፍጥረት ተጽፎ ሳያልቅ ሊጠፋ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም።

በጣሊያን ወረራ ዘመን በ1937 የጣሊያን አካዳሚ ወደ ጣና የጥናት ቡድን ልኮ ወፍም ተሰብስቧል። ከነጻነት በኋላ ሥራው ቀስ በቀስ ወደ አዲስ አበባ ዞረ። በ1966 የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ተመሠረተ፤ መጽሔቱንም ዋልያ ብሎ ሰየመው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ኤሚል ኧርባን ከሌስሊ ብራውን ጋር በ1971 የኢትዮጵያን ወፎች ዝርዝር አወጣ፤ ዝርዝሩ አገር ውስጥ፣ በዩኒቨርሲቲው ማተሚያ ቤት መታተሙ ከቀድሞዎቹ ሁሉ ይለየዋል። ጆን አሽም በ1970ዎቹ ወፎችን እየያዘ ቁጥር ያለው ቀለበት በእግራቸው እያሰረ ይለቅ ነበር። ከጆን አትኪንስ ጋር ያዘጋጀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ወፎች አትላስ በ2009 ሲወጣ አገሪቱን በካሬ ከፋፍሎ እያንዳንዱ ዝርያ የታየበትን ቦታ በካርታ አሳየ። በኢትዮጵያ የታወቁት የወፍ ዝርያዎች ከ850 በላይ ናቸው። አትላሱን ገልጦ ጎጃምን የሚፈልግ ሰው ነጥቦቹ ዋናውን መንገድ ተከትለው እንደሚሄዱ ያስተውላል፤ ደጀን፣ ደብረ ማርቆስ፣ ባሕር ዳር። ወፎቹ መንገድ ስለሚወዱ አይደለም፤ ተመልካቹ ከመኪና ስለማይርቅ ነው።

በ1996 ማኅበሩ ለወፍ ወሳኝ የሆኑ 69 ቦታዎችን መዝግቦ አሳተመ። የቾቄ ተራራ፣ የአዊ ደጋ፣ የመካከለኛው ዓባይ ተፋሰስና የጣና ዳርቻ በዝርዝሩ ውስጥ ገቡ። ቾቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ከላይ ጓሳና ጅብራ፣ ዝቅ ሲል አስታ፣ በየእጥፋቱ ደግሞ ከብዙ ምንጮች የሚጠጣ ረግረግ አለ። ክንፈ ሰማያዊው ዝይ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚግጠው፣ ቡናማው የረግረግ ዶሮ ጭራውን እያወዛወዘ ከሣሩ የሚወጣው እዚያ ነው። እነዚህ ወፎች ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ የትም አይኖሩም። ገብስና ድንች ወደ ላይ በወጡ ቁጥር፣ ረግረጉም ለባሕር ዛፍና ለእርሻ በተጠነፈፈ ቁጥር የሚሄዱበት ከፍታ የለም።

የአገር ሰው በስሙና በማኅበሩ የወፍ ጠባቂ ሆኖ የተመዘገበበት ምሳሌ የተገኘው ግን ከጎጃም ውጭ፣ ከአዲስ አበባ ምዕራብ በርጋ ሜዳ ላይ ነው። በ1997 እዚያ በዓለም ላይ እጅግ ብርቅ ከሆኑት አንዷ፣ ክንፏ ላይ ነጭ ያለባት ትንሽ የረግረግ ወፍ ስትራባ ተገኘች። ይህች ወፍ በክረምት ጎጆዋን ከረጅም ሣር መሐል ስለምትሠራ ከብት ሜዳውን ከረገጠው ዘሯ ይጠፋል። የአካባቢው ገበሬዎች ከማኅበሩ ጋር ተባብረው የጥበቃ ቡድን አቋቋሙ፤ በእርባታ ወራት ግጦሹን ለመቆጣጠርም ተስማሙ። ወፏ የምትኖርበት ዓይነት እርጥብ ሜዳ በጎጃምም አለ፤ የበርጋው አሠራር ሳይለወጥ ወደዚህ ሊመጣ ይችላል።

በጎጃም ግን ከሁሉም የገፋው ሥራ በጣና በኩል ያለው ነው። በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር ክሬን የሚባሉት አንገተ ረጅም ግራጫ ወፎች በአስር ሺዎች እየሆኑ ይደርሳሉ፤ ቀን በታጨደው ማሳ ላይ የወዳደቀ እህል ይለቅማሉ፤ ማታ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። ከፊንላንድና ከኢስቶኒያ የሳተላይት መከታተያ ታስሮባቸው የተለቀቁ ክሬኖች ኢትዮጵያ ሲከርሙ ታይተዋል። ነዋሪዎቹ ዘውዳማ ክሬንና ተንጠልጣይ ጉንጭ ያለው ክሬንም በዚያው ይራባሉ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው ሽመልስ አይናለም ከአፈወርቅ በቀለ ጋር የእንፍራንዝንና የይጋንዳን ረግረግ ወፎች ዘርዝሮ በ2008 አሳትሟል፤ ክሬኖቹንም ከውጭ ባልደረቦች ጋር አጥንቷል። በ2015 ጣና በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ሲመዘገብ ወፎቹ ከዋና ምክንያቶቹ መካከል ነበሩ። ከብሩስ እስከ ቺስማን ወደ ውጭ አገር የሄደው መዝገብ በዚህ ትውልድ ባሕር ዳር ላይ መጻፍ ጀመረ።

ዛሬ በየጥር ወር በአፍሪካ ሁሉ የውኃ ወፎች ይቆጠራሉ፤ ኢትዮጵያም ትሳተፋለች። ኢበርድ የተባለው ዓለም አቀፍ መዝገብ ደግሞ ስልክ የያዘ ማንኛውም ሰው ያየውን ከነቀኑና ከነቦታው እንዲያስገባ አስችሏል። ይህ የማማውን ልጅና የቆንስሉን ሥራ አንድ ያደርጋቸዋል፤ ልጁ የሚያውቀውን ያህል የሚያውቅ ቆንስል አልነበረም፤ ልጁ ያጣው ወረቀት ብቻ ነው። በጎጃም የቀረው ሥራ በአብዛኛው ከዋናው መንገድ ውጭ ነው። የዓባይ ሸለቆ ቆቅ በጎጃም በኩል የሚጮህባቸው ገደሎች፣ በቾቄ እጥፋቶች ዝይ የሚፈለፍልባቸው ረግረጎች፣ በየደብሩ ደን የሚኖሩ ወፎች ዝርዝር ገና በቅጡ አልተሞሉም።

ስለዚህ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ወይም በቾቄ ላይ ወፍ የሚያይ መምህር፣ ተማሪ፣ ዲያቆን ወይም ገበሬ አራት ነገር ይጻፍ፦ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ስንት እንደ ነበሩ፣ የአካባቢው ሰው የሚጠራበትን ስም። እግሯ ላይ ቀለበት ያላት ወፍ ሞታ ከተገኘች በቀለበቱ ላይ ያለው ቁጥርና ፊደል እንዳለ ተገልብጦ ለቅርቡ ዩኒቨርሲቲ ወይም ለማኅበሩ ይድረስ። ከመዝገቡም ሥር ያየው ሰው ስሙን ያስፍር።